ድልድዩ ሲነሣ ማዶ የቀረ ሰው

ባለፈው እትም፣ አምና በሰኔ ሴንት ፒተርስበርግ ሄጄ እዚያ ሕክምና የምታጠናውን የእህቴን ልጅ እንደጠየቅኋት በሁለት መስመር ጠቅሼ ነበር። ሁለት መስመር ይህን ሁሉ ደብዳቤ ያመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። የችግኝና የዶሮ በሽታ ጥያቄ የላካችሁልኝ በሚቀጥለው እትም ጠብቁኝ፤ የዛሬው አምድ የሩሲያ ሆኗል።

አስቀድሜ ልናገር፣ አስጎብኚ አይደለሁም። የግብርና ሰው ነኝ። በ1976 ዓ.ም. ለትምህርት ሄጄ ያኔ ሌኒንግራድ በሚባለው በዚሁ በሴንት ፒተርስበርግ አጠገብ፣ ፑሽኪን በምትባል ትንሽ ከተማ ስድስት ዓመት ቆየሁ፤ ከዚያ ተመልሼ በጎንደር ዙሪያ የገበሬ ማሳ ለማሳ ስዞር ጡረታ ወጣሁ። ስለዚህ የምመልስላችሁ በራሴ የደረሰውን ነው።

«እትዬ፣ ልጄ በመስከረም ሞስኮ ለትምህርት ትሄዳለች። የሰዓት ልዩነቱ ስንት ነው? ስደውል ከእንቅልፏ እንዳልቀሰቅሳት ብዬ ነው።» — እናት፣ ከአዘዞ

ምንም ልዩነት የለም፣ እህቴ። የሞስኮም የፒተርስበርግም ሰዓት ከእኛው ጋር አንድ ነው። እርግጥ አገሩ አሥራ አንድ የሰዓት ክልል አለው፤ ልጅሽ ቭላዲቮስቶክ ተመድባ ቢሆን ኖሮ ሰባት ሰዓት ትቀድምሽ ነበር። ሞስኮ ግን በፈለግሽ ጊዜ ደውይ።

ጣጣው ያለው አጠራሩ ላይ ነው። እነሱ ቀኑን የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ስለሆነ ስድስት መቀነስ እንዳለባት ልጅሽ ታውቃለች። የማታውቀው «ተኩል»ን ነው። እኛ «ሰባት ሰዓት ተኩል» ስንል ሰባት ሞልቶ ግማሽ ተጨመረበት ማለታችን ነው። ሩሲያዊ «ፖሎቪና ቮስሞጎ» ሲል «የስምንተኛው ግማሽ» እያለ ነው፤ ስምንተኛው ሰዓት ገና እየተጋመሰ ነው፣ ስለዚህ በእነሱ ቆጠራ ሰባት ተኩል ነው።

ይህን የተማርሁት በመጀመሪያው ክረምቴ ነው። አንዲት የክፍሌ ልጅ ቲያትር ጋበዘችኝ፤ ቲኬቱ እሷ ዘንድ ነው። «ፖሎቪና ቮስሞጎ፣ በሩ ላይ» አለችኝ። «ቮሴም» ስምንት መሆኑን አውቃለሁ፤ «ፖሎቪና» ግማሽ መሆኑንም አውቃለሁ። ደመርኋቸውና ስምንት ተኩል አልሁ። ስደርስ በሩ ላይ ከእሷ በቀር ሰው የለም። አፏን የሸፈነችበት ሻል እስትንፋሷ ባረፈበት በኩል ነጭ ሆኖ ደርቋል። አልተቆጣችም። መጀመሪያ ቲኬቶቹን አሳየችኝ፣ ቀጥላ የእጅ ሰዓቷን፣ ከዚያ ክንዴን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችኝ። ያስገቡን ከዕረፍት በኋላ ነበር። ቲያትሩ ላይ ያለው ሰውዬ ለምን እንደሞተ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ልጅሽ ቀጠሮ ሲሰጧት «በቁጥር ጻፉልኝ» ትበል። በስልክ መልእክት ከሆነ ደግሞ በቁጥር ተጽፎ ስለሚላክላት ያ ችግር ግማሹ ቀሏል።

«ነጭ ሌሊት የሚሉት እውነት ነው? ፀሐይ ጭራሽ አትጠልቅም? ድልድዮቹ ሲነሡስ ማየት ይቻላል?» — የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ማራኪ

ትጠልቃለች፣ ግን ሩቅ አትሄድም። ከተማዋ ከምድር ወገብ ስድሳ ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ናት፤ እኛ አሥራ ሁለት ላይ ነን፣ ለዚህ ነው ቀናችን ክረምት ከበጋ እምብዛም የማይለያየው። እዚያ በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፎ ነው፤ ሌሊት ዘጠኝ ተኩል ገደማ ደግሞ ትመለሳለች። በመካከሉ ያለው ጨለማ አይባልም። ጎንደር ላይ ዝናብ ሊመጣ ሲል ሰማዩ የሚይዘውን ዕንቁ የመሰለ ግራጫ አስበው፤ እሱ ነው ሌሊቱን ሙሉ የሚቆየው።

ድልድዩን ማየትማ ይቻላል። ችግሩ ከየትኛው ዳር ሆነህ ታየዋለህ ነው።

ከተማዋ በኔቫ ወንዝ ደሴቶች ላይ የተሠራች ናት። ከባልቲክ ባሕር ወደ ውስጥ የሚገቡ ትልልቅ መርከቦች እንዲያልፉ፣ ወንዙ በረዶ በማይሆንበት ወራት ድልድዮቹ በየሌሊቱ ይከፈታሉ። ከሁሉ የሚታየው የቤተ መንግሥቱ ድልድይ ሲሆን ሌሊት ሰባት ሰዓት አልፎ ይነሣል። የእህቴ ልጅ ክፍል ከወንዙ ወዲህ ማዶ ነው፤ እኛ የቆምነው በቫሲሊየቭስኪ ደሴት በኩል። «አክስቴ፣ ገና ብርሃን ነው» ትለኛለች። እኔም ብርሃኑን አይቼ አመንኋት። ስድስት ዓመት የኖርሁበትን ከተማ ሰዓት በሰማይ መለካቴ!

መጀመሪያ መኪናው ተቋረጠ። ቀጥሎ መንገዱ መሐሉ ላይ ተሰነጠቀ፤ አስፋልቱ ከነመስመሩ፣ የመብራት ምሰሶዎቹ ከነአምፖላቸው ተጋድመው ወደ ላይ ወጡ። ትናንት በእግሬ የተሻገርሁበት መንገድ ግድግዳ ሆኖ ፊቴ ቆመ። ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ እኔም አጨበጨብሁ። ጭብጨባው ሲበርድ ነው «አሁን በየት ነው የምንገባው?» ያልኋት።

ሜትሮው፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ ማለት ነው፣ በእኩለ ሌሊት ተዘግቷል። ታክሲ የማይነሣውን የባሕር ዳር ፈጣን መንገድ ዞሮ ሊያደርሰን ይችል ነበር፤ ዋጋውን በስልኳ ስታሳየኝ ግን «በዚህ ብር ከጎንደር መተማ ደርሼ እመለሳለሁ» አልኋትና በግራናይቱ ደረጃ ላይ ተቀመጥን። ቦርሳዬ ውስጥ ለእሷ ያመጣሁት ዳቦ ቆሎ ነበር። አጠገባችን ዓሣ የሚያጠምድ ሽማግሌ ነበረ፤ ዝም ብሎ በጓንቱ ምልክት ከቴርሞሱ ሻይ አቀረበልን፣ እኔ ዳቦ ቆሎ ዘገንሁለት። አንዷን አኝኮ ብዙ አሰበና «ሱኻሪኪ» አለ፤ የደረቀ ዳቦ ማለቱ ነው። ሌላ እፍኝ ወሰደ።

የሚያናድደው ይህ ነው፦ ድልድዩ በመካከሉ ሃያ ደቂቃ ያህል ወርዶ መኪናና እግረኛ ያሻግራል፣ ከዚያ እንደገና ይነሣል። እኛ ያን ሰዓት መጸዳጃ ቤት ፍለጋ ርቀን ነበር። ስንመለስ ሽማግሌው ድልድዩን በአገጩ አሳየንና ራሱን ነቀነቀ። ቤት የገባነው ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። አንተ ከመሄድህ በፊት የዕለቱን የድልድይ ሰዓት እይ፣ ማደሪያህ ባለበት ዳር ቁም፣ ወፍራም ልብስ ያዝ። በሰኔም ቢሆን የወንዙ ንፋስ የደባርቅ ንፋስ ነው።

«ሞስኮ ላይ ከወንድሜ ጋር አርባትስካያ በሚባል የሜትሮ ጣቢያ ተቀጣጠርን። እሱም ‘ደርሻለሁ’ ይላል፣ እኔም ደርሻለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ በስልክ ተሰዳደብን። ማናችን ነን የተሳሳትነው?» — ነጋዴ፣ ከፒያሳ

ሁለታችሁም ትክክል ነበራችሁ፣ ታርቃችሁ ከሆነ ደስ ይለኛል። ሞስኮ ውስጥ አርባትስካያ የሚባሉ ሁለት ጣቢያዎች አሉ፤ አንዱ በሰማያዊው መስመር፣ ሌላው በውኃ ሰማያዊው፤ መግቢያቸው ለየብቻ ነው። ስሞሌንስካያም እንደዚሁ ሁለት ነው። የተገላቢጦሹም አለ፦ ከመሬት በታች በመተላለፊያ የተያያዙ አራት ጣቢያዎች አራት የተለያየ ስም ይኖራቸዋል። ስለዚህ ቀጠሮ ሲሰጡ የጣቢያውን ስም ከመስመሩ ቀለም ጋር ይናገሩ።

አንድ ልጨምርልዎት። በሞስኮ ሜትሮ ወደ መሐል ከተማ ሲሄዱ ጣቢያ የሚጠራው የወንድ ድምፅ ነው፤ ከመሐል ወደ ዳር ሲወጡ የሴት። በክቡ መስመር ደግሞ እንደ ሰዓት ዘወር ሲል ወንድ፣ በተቃራኒው ሴት። ሞስኮዎች «አለቃ ወደ ሥራ ይጠራል፣ ሚስት ወደ ቤት ትጠራለች» ብለው ያስታውሱታል። ዓይነ ስውራንን እንዲረዳ የተደረገ ነው ይባላል፤ እኔንማ ፊደሉን ከማንበብ በፊት ረድቶኛል።

በፒተርስበርግ ደግሞ የሜትሮው ጥልቀት ነው የሚያስገርመው። አድሚራልቴይስካያ የሚባለው ጣቢያ 86 ሜትር ወደ ታች ነው። በተንቀሳቃሹ ደረጃ ስወርድ «አባታችን ሆይ»ን ሦስት ጊዜ ደግሜ አልደረስሁም። በቀኝ ቁሙ፤ ግራው ለሚሮጥ ሰው ነው።

«ሙዚየም ገብቼ ካፖርት የምትቀበለው ሴትዮ በሰው ፊት ጮኸችብኝ። ምን እንዳለች አልገባኝም። ጥቁር ስለሆንሁ ይሆን?» — ስሟ ይቆይ ያለች፣ ከአራዳ

የቀለም ጥላቻ የለም አልልሽም። እኔም ቀምሼዋለሁ፤ ያኔም ነበረ፣ የእህቴ ልጅም ዛሬ የምትርቃቸው ሰፈሮች አሏት። የዚችን ሴትዮ ግን ልጠይቅሽ፦ የካፖርትሽ አንገት ላይ ያለችው መስቀያ ክር ደህና ናት?

የሩሲያ ሙዚየም፣ ቲያትር፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ሁሉም መግቢያው ላይ ጋርዴሮብ አለው። ካፖርት ይዞ መግባት ነውር ነው። እዚያ የምትሠራው ሴት በቀን ብዙ መቶ ካፖርት በዚያች ክር ትሰቅላለች፤ ክሯ የተበጠሰባት ካፖርት ስትመጣባት ለእሷ እግር የሌለው ወንበር እንደማምጣት ነው። የእኔን አንዷ መልሳ ወረወረችልኝ። ቀጥላ ከመሳቢያዋ መርፌና ጥቁር ክር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ። ከኋላዬ ሰልፉ እየረዘመ እዚያው ቆሜ ሰፋሁ። ስጨርስ ጎትታ ፈተነችው፣ ቁጥሬን ሰጠችኝ፣ አንድም ቃል አልተናገረችም። ስወጣ ግን ካፖርቱን ራሷ አለበሰችኝ።

በነገራችን ላይ የፒተርስበርጉ ኤርሚታዥ ሙዚየም ሰኞ ዝግ ነው፤ የሞስኮ ክሬምሊን ደግሞ ሐሙስ። የእኛ ሰው ጎንደር ግንብ በየቀኑ ክፍት ስለሆነበት ይህን አይጠይቅም።

«በጾም ምን ትበላላችሁ? ቤተ ክርስቲያናቸውስ እንደኛ ነው?» — የቁስቋም ምእመን

እናቴ፣ ዐቢይ ጾምን አብረን ስለምንፈታ ያ ጊዜ ይቀላል፤ ብዙ ምግብ ቤት የጾም ዝርዝር ያወጣል፣ «ፖስትኖዬ» ካሉ ይገባቸዋል። ረቡዕና ዓርብም ይጾማሉ። ፍልሰታ ላይ ግን እንለያያለን፦ እኛ ነሐሴ 16 ስንፈታ እነሱ ገና ጾም ላይ ናቸው፤ በዓላቸው ነሐሴ 22 ይውላል። ግሬችካ የሚሉት ጥቁር ቅንጬ መሰል እህል ያጠግባል፤ ድንች፣ እንጉዳይ፣ የኮመጠጠ ጎመን አለ። የሚያሳስተው የተደበቀው ነው። ቀይ ሥር ሾርባው ላይ ሳይጠይቁዎት እርጎ የመሰለ ክሬም ጣል ያደርጉበታል፤ ፒሮዥኪ በሚሉት ጎመን የተሞላ ዳቦ ውስጥ እንቁላል ይገባል፤ «ሰላጣ» ካሉ ደግሞ ማዮኔዝ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ መልኩ ቅርብ ነው፤ ሥዕሉ፣ ዕጣኑ፣ ቆሞ ማስቀደሱ። ቁርባን ግን አንድ አይደለንም፤ ከኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ፣ ከ451 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማለት ነው፣ መንገዳችን ለየቅል ነው። ነጠላ ይዘው ይሂዱ፤ ሴት ራሷን ትሸፍናለች።

በ1977 ዓ.ም. ገና ዕለት ወደ ቅዱስ ኒኮላስ የባሕረኞች ካቴድራል ሄድሁ። ገናቸው ጃንዋሪ 7 ነው፣ ከእኛው ጋር አንድ ቀን። ያ ዘመን አብዛኛው ቤተ ክርስቲያን መጋዘን ወይም ሙዚየም የሆነበት ነው፤ የካዛን ካቴድራል ራሱ የሃይማኖትና የኢ-አማኝነት ሙዚየም ነበር። ኒኮላስ ግን አልተዘጋም። ሰማያዊና ነጭ ግድግዳ፣ የወርቅ ጉልላት፣ ውስጡ አሮጊቶች ብቻ። እኔ እንደለመድሁት በሩ ላይ ቦቴን አወለቅሁና በካልሲ ገባሁ። ወለሉ በረዶ ነው! እግሬን እያፈራረቅሁ አንድ ሥዕል ፊት ቆምሁ። አንዲት አሮጊት መጣችና እግሬን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ጆሮዬ ላይ «ልጄ፣ ሰረቁሽ?» አለችኝ። በሩ ላይ መተዌን በእጄ አሳየኋት። ሄዳ ሁለቱንም አንጠልጥላ አመጣች፣ ተንበርክካ ልታጫማኝ ስትል ነው እኔም የተንበረከክሁት። በአንድ ቦት ሁለት ሰው ታገልን። የዚያ ዓመት ገና ለእኔ እሱ ነው።

«ለሩሲያዊት አማቴ አበባ ልወስድ ነው፤ ስንት ይበቃል?» — ሙሽራ፣ ከሳሙና በር

ጎዶሎ ቁጥር። ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት። ጥንድ ቁጥር ለቀብር ነው። እኔ ለመምህሬ ልደት አሥር ቀይ ካርኔሽን ይዤ ሄድሁ፤ ለእኔ አሥር ሙሉ ቁጥር ነው። አመስግና ተቀበለች፣ ጓዳ ገባች። ዘጠኙ በማስቀመጫው፣ አንዷ ደግሞ ለብቻዋ በሻይ ብርጭቆ ሆና ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ነበረች። ማንም ምንም አላለኝም፤ ከወራት በኋላ ነው የነቃሁት። ሌላው፣ ደፍ ላይ ቆመህ አትጨብጣት፤ ወይ ግባ፣ ወይ ትውጣ። ጫማህን አውልቅ፤ ነጠላ ጫማ ትሰጥሃለች። «ሦስተኛ ፎቅ» ካለችህም እነሱ አንድ ብለው የሚጀምሩት ከምድር ቤቱ ስለሆነ የእኛን ሁለተኛ ነው የምትወጣው። ያላወቀ ሰው የማያውቀውን በር አንኳኩቶ አበባውን ለጎረቤት ሰጥቷል፤ ማን እንደሆነ አልናገርም።

ስለ ገንዘብ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ አንድ መልስ፦ ቪዛና ማስተርካርድ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2022 ወዲህ እዚያ ሥራ አቁመዋል፤ ከውጭ የወጣ ካርዳችሁ አይሠራም። ጥሬ ገንዘብ ይዛችሁ እዚያ መንዝሩ። ድንበር ላይ የሚሰጧችሁን ትንሽ ወረቀት፣ የሚግራሲዮን ካርድ ይሏታል፣ እንደ ፓስፖርት ጠብቋት፤ ስትወጡ ትጠየቃላችሁ።

«ፒተርስበርግ ውስጥ የእኛ የሆነ የሚታይ ነገር አለ?» — የታሪክ መምህር፣ ከጃንተከል አካባቢ

ጋሼ፣ ይህ የልብ ጥያቄ ነው። በመጀመሪያ ለመኩራራት ያህል፦ ፒተርስበርግ የተቆረቆረችው በ1703 ነው፤ ፋሲል ጎንደርን ያቀናው በ1636 (በዚህ መልስ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ታላቋ እኛ ነን፣ በ67 ዓመት።

ሰው ሁሉ ገጣሚውን ፑሽኪንን ይጠራል። ሞይካ በሚባለው ቦይ ዳር ቁጥር 12፣ በ1837 ያረፈበት ቤት ሙዚየም ነው። ቅድመ አያቱ አብራም ሃኒባል የእኛ ሰው ነው ብለን እንኮራለን፤ የተወለደበትን «ሎጎን» ግን ወደ ካሜሩንና ቻድ የሚወስዱት ሊቃውንትም አሉ። ታላቁ ጴጥሮስ በ1714 ባቋቋመው ኩንስትካሜራ በሚባለው ሙዚየም ውስጥ ደግሞ ገጣሚው ጉሚልዮቭ በ1913 ከሐረር አካባቢ ሰብስቦ የወሰደው ዕቃ አለ።

እኔ ግን ወደ ይስሐቅ አደባባይ ነው የሄድሁት። እዚያ የቫቪሎቭ የዕፅዋት ተቋም አለ። ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 አገራችን መጥቶ በበቅሎ እየዞረ ስንዴያችንን፣ ገብሳችንን ሰበሰበ፤ ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መገኛዎች አንዷ ብሎ የጻፈ ነው። ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ስትከበብ፣ ከ1941 እስከ 1944፣ የተቋሙ ሠራተኞች ዘር በተሞላ ቤት ውስጥ እየተራቡ ሞቱ፤ ሩዝና ኦቾሎኒ ሲጠብቁ የሞቱ አሉ። አልበሉትም። ቫቪሎቭ ራሱ በ1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ ሞተ፣ እሱም በረሃብ ተዳክሞ።

ተማሪ ሳለሁ አንድ ቀን አስገብተውን ነበር። በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ የወረቀት ከረጢት፣ ከረጢቱ ላይ በእጅ የተጻፈ «አቢሲኒያ»። መምህሩ አራት አምስት ፍሬ መዳፌ ላይ አፈሰሰልኝ። ሐምራዊ ስንዴ። እናቴ ቆሎ የምታደርገው ስንዴ! አፌ ውሃ ሞላ፤ ከሩቅ አገር ልጅ ሆኖ ያልራበው ማን አለ። መልሼ ስቆጥርለት እሱም አብሮኝ ቆጠረ። አምና ሕንፃውን ከውጭ ብቻ አየሁት፤ ለጎብኚ ዝም ብሎ የሚከፈት ቤት አይደለም።

«እኔ በየዓመቱ ጥምቀት ዕለት ፋሲል መዋኛ ውስጥ ከሚዘሉት ነኝ። ሩሲያዎችም በዚያው ቀን በረዶ ቀደው ይገባሉ ሲሉ ሰማሁ። ውሸት ነው?» — ወጣት፣ ከቀሃ

እውነት ነው። ጥምቀታቸው ጃንዋሪ 19 ነው፤ የእኛም ጥር 11 በዚያው ቀን ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ብቻ በአንድ ቀን እንዘገያለን። የወንዙን ወይም የሐይቁን በረዶ ይቆርጣሉ፣ ብዙ ጊዜ በመስቀል ቅርጽ፤ ስሙንም «ዮርዳን» ይሉታል። ቄሱ ይባርከዋል፣ ሰው በመሰላል ይወርድና ሦስት ጊዜ ይጠልቃል። በእኔ ዘመን በአደባባይ የሚደፍረው አልነበረም፤ አሁን ወንዱም ሴቱም ይሰለፋል። እንዳንተ ከዛፍ ላይ መዝለል የለም፤ ቀስ ብለህ ነው፣ ልብህ ደህና ከሆነ ብቻ።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ቆማ በስልኳ ቀርፃ ላከችልኝ። አንድ ትልቅ ሆድ ያላቸው ሰውዬ፣ አንገታቸው ላይ መስቀል፣ ከገላቸው እንፋሎት ይነሣል። አንድ ጊዜ ጠለቁ፣ ወጡ፣ አማተቡ። ሁለተኛ ጠለቁ፣ ወጡ። ሦስተኛውን ሲጠልቁ ምስሉ ጠፋ፤ በብርዱ የስልኳ ባትሪ ሞቶባት ነው። ደውዬ «ወጡ ወይስ አልወጡም?» አልኋት። «ወጥተዋል፣ አክስቴ» አለችኝ።